ድንብላሌ ቅጠሉን ሳልጠግበው አበባ ይይዛል፣ የት ጋ ነው የምሳሳተው?

በረንዳዬ፦
ሰላም ናችሁ የጓሮ ወዳጆች። እስቲ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ድንብላል ለቅጠሉ ብዬ መትከል ከጀመርኩ ይሄ ሦስተኛዬ ነው፣ ሦስቱንም ጊዜ አልሆነልኝም። መጀመሪያ ፍሬውን እንዳለ አፈር ላይ በተንኩና በስሱ አለበስኩት፣ ወደ 30 ፍሬ ይሆናል፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠብቄ የበቀለው 6 ብቻ ነው እሱም እዚህም እዚያም። ሁለተኛ ጊዜ ደሞ ትንንሽ ኩባያ ውስጥ ዘርቼ አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ትልቅ ባልዲ አዛወርኩት፣ ለጥቂት ቀን ጠወለገ ከዛ ዳነ ብዬ ደስ ሲለኝ ቁመቱ ስንዝር ሳይሞላ አበባ ያዘ። አሁን ሦስተኛው እዛው ባልዲ ውስጥ በቀጥታ የዘራሁት ነው፣ ይሄኛው በጣም ቆንጆ ነበር፣ ሰፋፊ ቅጠል፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ፀሐይ ይወዳል ሲሉኝ ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ስር ነው ያስቀመጥኩት። ባለፈው ሳምንት ከመሀሉ አንድ ወፍራም አገዳ ብቅ አለና አዲስ የሚወጣው ቅጠል ሁሉ እንደ እንስላል ቀጫጭን ሆነ፣ ሽታውም ተቀየረብኝ። አገዳውን ቆረጥኩት፣ ከጎን ሌላ አወጣ፣ እሱንም ቆረጥኩ፣ አሁን ሦስት ሆኖ መጣ።

ዘሩ ነው ችግሩ? አፈሩ ነው? ማዳበሪያ አንሶት ነው? ሌላ ሰው ቤት ሳይ ለምለም ሆኖ ቁጭ ብሎ ነው የማየው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ግራ ገብቶኛል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

አሮጌ መኮትኮቻ፦
እህቴ አይዞሽ፣ ያጠፋሽው ብዙ ነገር የለም። ድንብላል በባህሪው ቶሎ ጨርሶ የሚሄድ ተክል ነው። እንደ ሮዝመሪ ወይ እንደ ጤና አዳም አንዴ ተክለሽው ዓመት ከዓመት የምትቆርጪው አይደለም፣ በቅሎ ቅጠል አውጥቶ አብቦ ዘር ጥሎ ይሞታል፣ በቃ ዕድሜው ይሄ ነው። አንቺ ቅጠሉን ትፈልጊያለሽ እሱ ግን የሚቸኩለው ዘሩን ለመጣል ነው። ስለዚህ አበባ እንዳይዝ ማድረግ አይቻልም፣ የሚቻለው ማዘግየት ነው።

የሚያስቸኩለው ምንድነው ብትይኝ አንደኛው ሙቀት ነው። ድንብላል የሚመቸው ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው፣ ቀን ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ገደማ ቢሆንለት ቅጠሉን እያሰፋ ይቀመጣል፣ ከ27 ዲግሪ በላይ ቀናት ሲደጋገሙበት ግን ወዲያው አገዳ ማውጣት ይጀምራል። ቀኑ ረዥም በሆነበት ወቅትም እንደዛው ነው፣ የብርሃኑ ሰዓት መርዘሙ ራሱ ወደ አበባ ይገፋዋል። ሁለተኛው ጥማት ነው፣ አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ርሶ ከሆነ የምሞትበት ጊዜ ደረሰ ብሎ ይመስለኛል ዘር ለማድረስ ይሮጣል። ሦስተኛው ሥሩ ሲነካ ነው። የድንብላል ሥር እንደ ካሮት ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ሥር ነው (ከካሮት ጋር እኮ አንድ ቤተሰብ ናቸው)፣ ከኩባያ ስታዛውሪው እሱ ከተሰበረ ወይ ከተጣመመ ተክሉ ይደነግጣል። ሁለተኛው ሙከራሽ ስንዝር ሳይሞላ ያበበው ለዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛውን ያስቸገረው ደሞ ግድግዳው ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሙቀቱን ይዞ ይቆይና ማታም ይለቀዋል፣ ባልዲው ላስቲክ ከሆነ ጎኑ ይግላል፣ ውስጥ ያለው ሥር ይቀቀላል ማለት ይቻላል። እጅሽን አስገብተሽ በስምንት ሰዓት ገደማ አፈሩን ንኪው እስቲ። ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ከሰዓት ግን ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ፈልጊለት። በቀን ከ5 እስከ 6 ሰዓት የሚቆይ ፀሐይ ይበቃዋል፣ ሙቀት ባለበት ቦታ ደሞ 4 ሰዓትም ይበቃዋል።

አገዳውን መቁረጥሽን አቁሚ፣ አይመለስም። አንዴ ወደ አበባ ከዞረ በኋላ ብትቆርጪው ከየጎኑ ያወጣል እንጂ ሰፊ ቅጠል ማውጣት አይጀምርልሽም፣ በጣም ቢበዛ ጥቂት ቀን ታተርፊያለሽ።

መፍትሄው ታዲያ ደጋግሞ መዝራት ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ከምትዘሪ በየ2 ወይ በየ3 ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝሪ፣ አንዱ ሲያብብ ሌላው ይደርሳል ሌላው ደሞ እየበቀለ ይሆናል። ሌላ ሰው ቤት ለምለም ሆኖ የምታዪው ያው አንዱ ተክል ዓመቱን ሙሉ ቆይቶ አይመስለኝም፣ እየተተካ ነው።

ቡቃያ፦
አሮጌ መኮትኮቻ ያለው በሙሉ ልክ ነው፣ እኔ ስለ መብቀሉ ልጨምር ምክንያቱም ከ30 ፍሬ 6 ብቻ በጣም ትንሽ ነው። ድንብላል ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያቺ ክብ ፍሬ አንድ ዘር አይደለችም፣ ውስጧ ሁለት ዘር ፊትና ፊት ተገጣጥመው ነው ያሉት፣ ላዩ ደሞ ጠንካራ ልጣጭ ነው። እንዳለ ስትዘሪው ውሃው ልጣጩን አልፎ እስኪገባ ጊዜ ይፈጃል፣ በዛ መሀል አፈሩ ከደረቀ ያልቅለታል። እኔ ማደርገው ፍሬውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በመዳመጫ ወይ በጠርሙስ ቀስ ብዬ እዳምጠዋለሁ፣ ቀስ ነው ምልሽ ዱቄት እንዳታደርጊው፣ ለሁለት ክፍል ሲል የሚሰማ ድምፅ አለው። ከዛ ለብ ባለ ውሃ ከማታ እስከ ጠዋት፣ ካልሆነም እስከ 24 ሰዓት እዘፈዝፈውና አጥልዬ ወዲያው እዘራለሁ። ዘፍዝፈሽ ደግሞ አስቀምጬው ነገ ዘራለሁ ካልሽ ይሻግታል ተጠንቀቂ።

ጥልቀቱ 1 ሴንቲ ገደማ፣ በደንብ ይሸፈን። በስሱ አለበስኩት ያልሽው ላይ ችግር ነበር፣ ላዩ ቶሎ ይደርቃል ደሞ ውሃ ስታጠጪ ይገለጥና ወፍም ይለቅመዋል። እስኪበቅል ላዩን ካርቶን ወይ እርጥብ ጆንያ ጣል ብታደርጊበት እርጥበቱን ይይዝልሻል፣ ልክ የመጀመሪያውን ቡቃያ ስታዪ ግን በዛው ቀን አንሺው አለዚያ ቀጥኖ ይንጋደዳል። አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ እስከ 3 ሳምንት ይሄዳል፣ ስለዚህ ቶሎ ተስፋ ቆርጠሽ አትገልብጪው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ በ12ኛው ቀን በጣቱ ቆፍሮ ማየት ይጀምራል።

ዘሩን ከየት ነው ያመጣሽው? ለማጣፈጫ የሚሸጠው ፍሬ ካልተቆላ ይበቅላል ግን ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ አታውቂም፣ የቆየ ዘር ደሞ የመብቀል አቅሙ ይደክማል። እርጥብ ሶፍት ላይ 10 ፍሬ አድርገሽ ላስቲክ ውስጥ ሞክሪው፣ በ2 ሳምንት 7 ወይ 8 ካበቀለ ዘርሽ ደህና ነው፣ 3 ብቻ ከሆነ ዘሩን ቀይሪ።

ቀበኛ ጠባቂ፦
እኔ መዳመጡ ላይ ትንሽ የተለየ ሀሳብ አለኝ ቡቃያ ይቅር በይኝ። እኔ እንዳለ ነው የምዘራው ለዓመታት፣ ከአንድ ፍሬ ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣል፣ ምንም አላስቸገረኝም። ሲዳመጥ ዘሩ የሚሰበር ይኖራል፣ በተለይ ልጆች ሲረዱ። ለኔ ዋናው እርጥበቱ ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው፣ ያ ካለ ባይዳመጥም ይበቅላል።

ቡቃያ፦
አንተ ምትዘራው መሬት ላይ አይደል? እሱ እኮ እርጥበት ይይዛል፣ እሷ ግን ባልዲ ነው ያላት በአንድ ቀን ላዩ ይደርቃል፣ ለዛ ነው ፈጠን እንዲልላት ያልኩት። ደሞ ሁለቱ ከአንድ ጉድጓድ ተጣብቀው ሲወጡ ይሻማሉ፣ ከተነጠሉ ዘር ይቆጥባል። ባይዳመጥም ይበቅላል ማለትህን ግን አልክድም፣ መዘፍዘፉን ብቻ አትተይው በረንዳዬ።

በረንዳዬ፦
ኧረ በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም! አፈሩን በስምንት ሰዓት ነካሁት፣ እውነትም የሚያቃጥል ነው፣ ጎኑማ ባልዲው እጅ አያስነካም። ግድግዳው እንደዚህ ያደርጋል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። ዘሩ ደሞ ለማጣፈጫ የተቀመጠ ነው፣ መቼ እንደመጣ እኔም አላውቅም። ሁለት ጥያቄ ልጨምር፣ ማዳበሪያ ምን ላድርግበት? አንድ ጎረቤቴ ዩሪያ በውሃ በጥብጠሽ ስጪው ቶሎ ይለመልማል ብላኛለች። ሌላው ደሞ አገዳው ላይ ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር ተጣብቆበታል፣ ሲነኩት ያጣብቃል፣ ምንድነው?

አሮጌ መኮትኮቻ፦
ዩሪያውን ተዪው። ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ይለመልማል እውነት ነው ግን ሽታውና ጣዕሙ ይቀንሳል፣ ልፍስፍስ ያለ ይሆንና ክሽክሽም (የተክል ጭማቂ የሚመጡት ጥቃቅን ነፍሳት) የሚወደው እንደዛ ያለውን ነው። ባልዲ ውስጥ ደሞ መጠኑን ትንሽ ካሳለፍሽ ሥሩን ያቃጥለዋል። ድንብላል ብዙ አይፈልግም። ስትዘሪ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይ የቆየ ፍግ ከአፈሩ ጋር አንድ ለሦስት ቀላቅዪ፣ እስኪያልቅ ይበቃዋል። ትኩስ ፍግ ግን በፍጹም፣ ያቃጥላል ደሞ ጥሬውን የምትበዪው ቅጠል ስለሆነ ለጤናም ጥሩ አይደለም።

ከማዳበሪያው ይልቅ ውሃው የሚወርድበትን እዪ። ባልዲው ስር ቀዳዳ አለው? ከሌለው 5 እና 6 ቦታ ብሺው፣ ጥልቀቱ ደሞ ከ25 ሴንቲ ባያንስ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። አፈርሽ ጭቃ የሚሆን ዓይነት ከሆነ ትንሽ አሸዋ ጨምሪበት። ውሃ የሚቋጥር አፈር ላይ ቡቃያው ከግርጌው ይጠቁርና ወደ ጎን ይወድቃል፣ ትናንት ደህና የነበረ ዛሬ ተጋድሞ ታገኚዋለሽ፣ እሱ የሻጋታ በሽታ ነው መዳኛም የለውም። ጠዋት ጠዋት ከስሩ አጠጪ፣ ቅጠሉ ላይ አታዝንቢበት በተለይ ማታ። ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገቢ፣ እርጥበት ካለ ተዪው ከሌለ አጠጪ።

ያ የሚያጣብቀው ነገር ክሽክሽ ነው። ሌላ ተክል ላይ ሳይሄድ ጠንከር ባለ ውሃ እጠቢው፣ በየሁለት ቀኑ ሦስት ጊዜ ካጠብሽው በብዛት ይሄዳል። ካልሄደ አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ከቅጠሉ ስር ርጪና ከቆይታ በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቂው፣ ፀሐይ ሲበረታ ግን አትርጪ።

አበባ ሰብሳቢ፦
እኔ የመጣሁት ያበበውን እንዳትነቅዪው ልለምንሽ ነው! ሁሉም ስለ ቅጠሉ ነው የሚያወራው፣ የድንብላል አበባ እኮ ለጓሮ ትልቅ ነገር ነው። ነጭ ወደ ሮዝ የሚወስደው ጥቃቅን አበባ ጃንጥላ ሠርቶ ሲከፈት ንብ ይመጣል፣ ንብ የሚመስሉ አየር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ዝንቦች ይመጣሉ፣ የነሱ እጭ ደሞ ክሽክሽ ነው የሚበላው። ቀይዋ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛም ትመጣለች፣ እሷም ልጆቿም ክሽክሽ ይበላሉ። እኔ ጓሮ ቲማቲሙና ጎመኑ መሀል ሁሌ አንድ ሁለት ያበበ ድንብላል አይጠፋም ሆን ብዬ ነው የምተወው። (ሳሙናውን ግን አበባው ላይ አትርጪ በናትሽ፣ ንቦቹም ይጎዳሉ።)

ከዛ ዘሩን ታገኛለሽ። አበባው ሲረግፍ አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል፣ ያን ጊዜ አንዱን ቀጥፈሽ ብትቀምሺው ከቅጠሉም ከደረቁም የተለየ ነው፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር አለው። ከተዘራ ከ3 እስከ 4 ወር ገደማ ፍሬው ወደ ቡናማ ይዞራል፣ ሁሉም እስኪደርቅ አትጠብቂ ይረግፍብሻል፣ አብዛኛው ቡናማ ሲሆን አገዳውን ከታች ቆርጠሽ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ጭንቅላቱን አስገብተሽ ዘቅዝቀሽ ጥላ ቦታ ስቀዪው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስታራግፊው ራሱ ይወርዳል። ላስቲክ አታድርጊ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። ከአንድ ተክል በጣም ብዙ ነው የምታገኚው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር አትገዢም፣ መቼ እንደደረሰም ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ዘር የምታስቀሪው ቀድሞ ካበበው ሳይሆን ዘግይቶ ካበበው ይሁን። ከአስር ተክል መጨረሻ ላይ ያበበውን ምልክት አስረሽ ከሱ ዘር ያዢ፣ እንደዛ እያደረግሽ ስትመርጪ ቀስ በቀስ የሚታገስ ዘር ይኖርሻል። በዘር ፓኬት የሚሸጡ ቶሎ እንዳያብቡ ተብለው የተመረጡም አሉ፣ ሳንቶና ካሊፕሶ የሚባሉት ይታወቃሉ፣ ካገኘሽ ሞክሪያቸው ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ሊጨምሩልሽ ይችላሉ። እነሱም ቢሆኑ ግን ሙቀት ሲበዛ ማበባቸው አይቀርም።

ዝምታ፦
ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ባለቤቴ ድንብላል ቅጠሉን ሳሙና ሳሙና ይላል ብሎ አፉ አያስገባውም፣ እኔ ደሞ ነፍሴ ነው። አተካከሌ ላይ የሆነ ነገር ኖሮ ይሆን ወይስ ዝርያው ነው?

ቡቃያ፦
አተካከልሽ አይደለም እህቴ። ቅጠሉ ውስጥ አልዲሃይድ የሚባሉ ሽታ ሰጪ ነገሮች አሉ፣ ሳሙና ውስጥም የሚገኙ ዓይነት ናቸው፣ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ሽታ በሚለይበት ጂን ምክንያት እነሱን በጣም አጉልቶ ይሸታቸዋል። ባልሽ እውነቱን ነው፣ ለሱ እውነትም ሳሙና ነው። ቅጠሉን በደንብ ወቅጠሽ ትንሽ ካቆየሽው ያ ሽታ ይቀንሳል፣ ደረቁ ፍሬ ደሞ ሌላ ሽታ ነው ያለው እሱን ይወደው ይሆናል።

በረንዳዬ፦
ሰባት ሳምንት አለፈ፣ የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። ዘሩን እርጥብ ሶፍት ላይ ሞከርኩት፣ ከ10 ያበቀለው 3 ነበር፣ ስለዚህ አዲስ ዘር አገኘሁ። ግማሹን ዳምጬ ግማሹን እንዳለ ሁለቱንም ዘፍዝፌ በሁለት ባልዲ ዘራሁ፣ ባልዲዎቹን ከግድግዳው አንስቼ ጠዋት ብቻ ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ አዞርኳቸው፣ ዙሪያቸውንም በጆንያ ጠቀለልኩ። የተዳመጠው በ8ኛው ቀን ብቅ አለ፣ ያልተዳመጠው በ13ኛው፣ ግን እሱም በደንብ ነው የወጣው ስለዚህ ቀበኛ ጠባቂ ያልከውም ልክ ነው። በጣም ስለተጠጋጋ በ4 ጣት ርቀት አሳሳሁት፣ የነቀልኩትን ቡቃያ አልጣልኩትም በላሁት፣ ትንሽ ቢሆንም ሽታው ሙሉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ባልዲ ዘርቻለሁ፣ በስድስተኛውም ሌላ። ያበበውንም አልነቀልኩትም፣ ንቦቹ ጠዋት ላይ ሲመጡ ቆሜ ነው የማያቸው፣ ክሽክሹ ላይም ያቺ ቀይ ጥንዚዛ መጥታለች።

አሁን የመጀመሪያዎቹ ከስንዝር ትንሽ ያንሳሉ፣ ቅጠላቸው ሰፊ ነው፣ አገዳ የሚባል የለም። መቁረጥ ፈልጌ እጄ ፈራ። ከየት ነው የምጀምረው? መሀሉን ነው ዳሩን?

አሮጌ መኮትኮቻ፦
እንኳን ደስ ያለሽ! ዳሩን ነው። ትልልቆቹን የውጭ ቅጠሎች ከነዘንጋቸው ከአፈሩ 2 ወይ 3 ሴንቲ ከፍ ብለሽ በመቀስ ቁረጪ፣ መሀል ላይ ያለችውን ትንሿን ለጋ አትንኪያት፣ አዲሱ የሚወጣው ከሷ ነው። ከአንድ ተክል በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትውሰጂ፣ ሳምንት ቆይተሽ ትመለሺበታለሽ። ጠዋት ቁረጪ፣ ቀትር ላይ የተቆረጠ ቶሎ ይጠወልጋል። ከተረፈሽ ዘንጉን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁመሽ ላዩን በላስቲክ ሸፈን አድርገሽ ፍሪጅ ብታስገቢው ሳምንት ይቆይልሻል፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሪው። ደርቆ ከሚቀመጥ በረዶ ቤት ቢገባ ይሻላል፣ የድንብላል ቅጠል ሲደርቅ ሽታው አብዛኛው ይጠፋል።

አትፍሪ ቁረጪው፣ ካልቆረጥሽውም ማበቡ አይቀርም።

በረንዳዬ፦
ቆረጥኩ! አንድ እፍኝ ሙሉ ነው የወጣው፣ ቤቱ በሙሉ ሸተተ። አምስተኛውን ባልዲ እሁድ ነው የምዘራው፣ ዘሩን ቅዳሜ ማታ እዘፈዝፋለሁ።